ቤቱ ሄዶ እሱ ቀረ

ይሄን ነገር ልጻፈው አልጻፈው ስል ወራት አለፉ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ባለፈው ዓመት ለሥልጠና ሁለት ወር ጃፓን፣ ዮኮሃማ ነበርኩ። ሥራዬን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ የፋብሪካ ማሽን ጥገና ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥልጠና፣ ቅዳሜ ልብስ አጠባ፣ እሑድ ባዶ። ቅዳሴ የሌለበት እሑድ እንዴት እንደሚረዝም ባዕድ አገር የኖረ ያውቀዋል። በሦስተኛው እሑድ አብራኝ የምትሠለጥን ኬንያዊት "ካማኩራ ሄደን ትልቁን ቡድሃ እንይ" አለችኝ።

መጀመሪያ "ይቅርብኝ" ነው ያልኩት። ምክንያቱን አልነገርኳትም እንጂ እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። ሳድግ ስለ ትልቅ ምስል የሰማሁት አንድ ታሪክ ነው፤ ናቡከደነፆር ያቆመው የወርቅ ምስልና ሠለስቱ ደቂቅ የተጣሉበት እሳት። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ስሰማው ያደግኩትን ነገር በሁለት ሳምንት የጃፓን ኑሮ ልረሳው አልችልም። በኋላ ግን "ማየት መስገድ አይደለም" ብዬ ራሴን አሳመንኩና ሄድኩ።

ከዮኮሃማ ካማኩራ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ ኤኖደን የሚሏት፣ ቤት ለቤት መሃል እየተሹለከለከች የምትሄድ ትንሽ ባቡር አለች፤ በእሷ ሦስተኛው ፌርማታ፣ ሃሴ ላይ ወረድን። ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። መንገዱ ዳር አይስክሬም ይሸጣል፣ ቁልፍ መያዣ ይሸጣል፣ ተማሪዎች ተሰልፈው ይንጫጫሉ። ወደ ንግሥ የሚወስድ መንገድ ይመስላል፤ ጧፍና ቆሎ ብቻ ነው የጎደለው።

ቤተ መቅደሱ ኮቶኩ-ኢን ይባላል። በሩ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት የሚያስፈሩ የእንጨት ጠባቂዎች ቆመዋል። ለመግቢያ 300 የን ከፈልን። ገባ እንዳላችሁ ሰው በጭልፋ ውሃ እየቀዳ እጁን የሚታጠብበት ገንዳ አለ። እዚያ ጋ ትንሽ ቆምኩ። ልታጠብ? ልተው? ብታጠብ ምን ማለቴ ነው? ኋላዬ ያሉት ሽማግሌ ፈገግ ብለው "ቅደሚ" በሚል ምልክት እጃቸውን ሲዘረጉልኝ አፍሬ እኔም በእጄ ምልክት "እርስዎ ይቅደሙ" አልኩና ዘወር አልኩ። ቀና ስል አየሁት።

ፎቶውን ሁላችሁም ሳታዩት አትቀሩም፤ ፎቶው ግን አይነግራችሁም። ቁጭ ያለ ሰው ነው። እግሩን አጣጥፎ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ተቀምጧል። መላ አካሉ ነሐስ ነው፣ ዕድሜ አረንጓዴ አድርጎታል። እሱ ብቻውን 11.3 ሜትር ነው፤ ከመቀመጫው ጋር 13.35። እማዬ አሁን የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊት ቢቀመጥ አራተኛ ፎቅ ካለው መስኮቷ ጋር ዓይን ለዓይን ይተያዩ ነበር። ክብደቱ 121 ቶን። ጆሮው ብቻ 1.9 ሜትር፣ ከእኔ በደንብ ይረዝማል። ቀኝ ጉንጩ ጋ በትኩረት ካያችሁ ድሮ በወርቅ ተለብጦ እንደነበር የሚናገር ትንሽ ምልክት ቀርቷል።

ያልጠበቅኩት ግን ግዝፈቱን አይደለም፤ አቀማመጡን ነው። ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ አልተቀመጠም። ጎበጥ ብሏል። ራሱ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ተለቅ ያለ ነው፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል። ይሄም ሥር ለቆመ ሰው ታስቦ የተሠራ ነው፤ ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ወደ እናንተ የሚመለከት ይመስላል። እኔ ናቡከደነፆርን ጠብቄ ነበር የሄድኩት። ያገኘሁት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ መንገደኛ የሚያይ ሽማግሌ ነው።

ፊት ለፊቱ ዕጣን ይጨሳል። አንዲት ወገባቸው የጎበጠ አሮጊት ዕጣኑን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ገጥመው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ረጅም ጊዜ ቆሙ። ምን እንዳሉ አላውቅም። ለማን እንደለመኑ ግን የማውቅ መሰለኝ፤ እናቴ ደጀ ሰላም ተሳልማ የልጆቿን ስም አንድ በአንድ ስትጠራ ፊቷ እንደዚያ ነው። እምነታቸው የእኔ አይደለም፣ የእኔም የእሳቸው አይደለም። ግን በዚያች ደቂቃ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። የሰው እናት ስትጸልይ አጠገቧ ዝም ብሎ መቆም ማንንም አያረክስም።

እንግዲህ ታሪኩን ባጭሩ። መጀመሪያ የተሠራው ከእንጨት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1238 ተጀምሮ በ1243 ተመረቀ። ገንዘቡን የለመነው ጆኮ የሚባል መነኩሴ ነው፤ ከተራው ሕዝብ ጭምር እየዞረ ሰብስቧል። አሁን ያለው የነሐሱ ደግሞ በ1252 መሠራት ጀመረ። ያኔ ካማኩራ የጃፓን ጦር አለቆች መቀመጫ ነበረች፤ እኛ ጋ ዛግዌዎች ገና ሥልጣን ላይ ነበሩ። ነሐሱን የመረመሩ ሰዎች እርሳስ የበዛበት ሆኖ ስላገኙት፣ ከቻይና በንግድ ይመጡ የነበሩ ሳንቲሞች ሳይቀልጡበት አልቀረም ይላሉ። ሥራዬ ብረት ስለሆነ ነው መሰለኝ ይሄ ነገር ደስ አለኝ። የስንቱ ሰው የኪስ ሳንቲም ነው እዚያ ቁጭ ያለው!

እና ይሄ ሁሉ ነሐስ ሜዳ ላይ አልነበረም። ትልቅ የእንጨት አዳራሽ ነበረው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከባድ ነፋስ ሁለት ጊዜ መታው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1498 በተነሳ የመሬት መንቀጥቀጥ የመጣ የባሕር ማዕበል ጠርጎ ወሰደው ይባላል፤ ባሕሩ ከዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያም በፊት፣ በ1486፣ ቦታውን ያየ አንድ መነኩሴ ቡድሃው ያለ ጣሪያ መቀመጡን ጽፏል። ነፋሱም ይሁን ማዕበሉ፣ ቤቱ ሄደ። እሱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከ500 ዓመት በላይ ዝናቡም፣ በረዶውም፣ ፀሐዩም በራሱ ላይ ነው።

አዳራሹን ይሸከሙ የነበሩ ምሰሶዎች የቆሙባቸው ድንጋዮች ግቢው ውስጥ እስካሁን አሉ። ዝርግ፣ ትልልቅ ድንጋዮች ናቸው። ሰው አረፍ ይልባቸዋል፣ እኔም አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩበት ነገር የቤት መሠረት መሆኑ ትዝ ሲለኝ ሆዴ ባር ባር አለኝ።

ምክንያቱን የሰፈሬ ልጆች ታውቃላችሁ። ለማታውቁ ልንገራችሁ። እናቴ 41 ዓመት የኖረችበት ቤት ፈርሷል። መሃል ከተማ፣ የቀበሌ ቤት፣ ሁለት ክፍል፣ የጋራ ግቢ። እኔ የተወለድኩበት፣ አባቴ የሞተበት፣ ድንኳን ስንት ጊዜ ለሠርግም ለለቅሶም የተጣለበት ግቢ። መፍረሱ ትክክል ነው ስህተት ነው የሚል ክርክር ልከፍት አይደለም፤ እሱ ለሌላ ቀን። ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለዚያ ቀን ነው። ያን ቀን እማዬ መንገድ ዳር ሻንጣ ላይ ተቀምጣ፣ ረከቦቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዝም ብላ ታይ ነበር። እኔ አለቀስኩ፣ ታናሽ ወንድሜ ተሳደበ፣ ጎረቤት ጮኸ። እሷ አንዲት ጠብታ እንባ አላወጣችም። "ሰው ደህና ይሁን እንጂ ቤትስ ይሠራል" አለች። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር ነው ያለኝ፦ "እናትሽ ብረት ናት።"

እኔም አምኜ ብረት ናት ብዬ ተውኳት።

ከተማ ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። ሊፍት የለውም። ዕቃዋን ደረደርንላት፣ ቴሌቪዥን ገዛንላት፣ እሑድ እሑድ እየሄድን እንበላለን። ስንጠይቃት "ደህና ነኝ፣ ምን ጎደለኝ?" ትላለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። እንዲያውም ቅር ብሎኝ ያውቃል፤ እንዴት ለ41 ዓመት አንድ ቀን እንኳ አታለቅስም እያልኩ።

ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጥኩ ስልኬን አወጣሁና ደወልኩላት። እዚያ እኩለ ቀን ነው፣ አዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት። ወዲያው አነሳች።

"እማዬ እንዴት አደርሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ ልጄ? በላሽ?"

"በላሁ። አንድ ነገር ላሳይሽ።" ካሜራውን አዞርኩት።

ትንሽ ዝም አለች። "በስመ አብ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ጣዖት ነው እንዴ?"

"ቡድሃ ነው የሚባለው። የእነሱ የጸሎት ቦታ ነው።"

"ሰገድሽለት?"

"ኧረ አልሰገድኩም!"

"ተማተቢ።"

በካሜራ ፊት አማተብኩ። ኬንያዊቷ ሳቀች። እማዬ ግን ስልኩን አልዘጋችም። "እስቲ ወደ ፊቱ አድርጊው" አለች። አደረግኩት። "ጎንበስ ብሏል እኮ። ሰው የሚጠብቅ ነው የሚመስለው።" ቀጠለችና "ቤቱስ? ይሄን የሚያህል ነገር ሠርተው ዝናብ ላይ ይጥሉታል?"

"ቤት ነበረው። ነፋስና ማዕበል አፈረሰበት።"

"መልሰው አልሠሩለትም?"

"ድሮ ሠርተውለት ነበር፣ ደግሞ ፈረሰ። ከዚያ በቃ፣ እንዲሁ ተቀመጠ።"

"ስንት ዓመት?"

"ከአምስት መቶ ዓመት በላይ።"

ዝም አለች። ከዚያ ሳቅ ብላ፦ "እኔ እንግዲህ ገና ዓመት ከስምንት ወሬ ነው" አለች።

አብሬያት ሳቅኩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ሳቁ አልተዋጠልኝም። ለካ ወሩን እየቆጠረች ነው።

በቀልድ ያለፍኩት ሌላም ነገር ነበር። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። እናቴ እሑድ በዚህ ሰዓት ቤት ተገኝታ አታውቅም። ሌሊት ወጥታ ኪዳን አድርሳ፣ ቅዳሴ ቆማ፣ ረፋድ ላይ ነው የምትመለሰው። ስልኩን ወዲያው ያነሳችው ቤት ስለነበረች ነው። ይሄ ሁሉ በዚያች ሰዓት አልገባኝም፤ ልቤ ላይ እንደ ጠጠር ነገር ብቻ ተቀመጠ።

ጓደኛዬ "ውስጡ ይገባል" አለችኝ። አዎ፣ ቡድሃው ውስጡ ባዶ ነው፤ ሌላ 50 የን ከፍላችሁ በጎኑ ባለች ትንሽ በር ትገባላችሁ። ጠባብ፣ ጨለም ያለ ደረጃ ነው። ብርሃን የሚገባው ጀርባው ላይ ባሉ ሁለት መስኮቶች ነው። ከውጭ ያ ሁሉ ግርማ፣ ከውስጥ ስትገቡ የወርክሾፕ ነገር ነው። እኔ እዚያ ነው ቤቴ የገባሁ ያህል የተሰማኝ።

ግድግዳው ላይ የመጋጠሚያ መስመሮች ይታያሉ። ባንድ ጊዜ የፈሰሰ ነሐስ አይደለም። ከሥር ጀምረው አንዱን ክፍል አፍስሰው፣ ሲጠነክር በላዩ ቀጣዩን እያፈሰሱ፣ እየቆለፉ ነው ወደ ላይ የወጡት። ከውጭ አንድ ወጥ የሚመስለው ሰው ከውስጥ ስፌት በስፌት ነው። ቀና ብዬ ወደ አንገቱ ሳይ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። አንገቱ ከውስጥ በሌላ ቁስ ተለብጧል።

ማብራሪያውን አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮንና አካባቢዋን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ መቀመጫውን ጎድቶት ነበር፣ በ1925 ተጠገነ። በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ሥራዎች ተሠሩ። አንደኛ፣ ያን የመሰለ ትልቅ ራስ የሚሸከመው አንገት ስለሚያሰጋ ከውስጥ በፋይበር በተጠናከረ ፕላስቲክ አጠነከሩት። ሁለተኛ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ሐውልቱ ከመሰበር ይልቅ መንሸራተት እንዲችል ከሥሩና ከመቀመጫው መካከል ማንሸራተቻ አደረጉለት። በ2016 ደግሞ ለሳምንታት ለጎብኚ ተዘግቶ፣ ዙሪያው መወጣጫ ተሠርቶለት፣ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግሩ ተመርምሯል።

እዚያ ጨለማ ውስጥ አንገቱን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ከውጭ ያን ፊት አይታችሁታል። ምንም የማይከብደው ሰው ፊት ነው። የሚያሰጋው አንገቱ መሆኑን ፊቱ አይናገርም። ያወቁት ውስጡ ገብተው ያዩት ሰዎች ናቸው። እኔ ደግሞ በሙያዬ በየቀኑ የምሠራው ይሄን ነው፤ ድምፅ የማያሰማ ማሽን ደህና ነው ማለት እንዳልሆነ ለስንት ጀማሪ አስተምሬያለሁ። የገዛ እናቴን ግን "ድምፅ አላሰማችም" ብዬ ዓመት ከስምንት ወር አልፌያታለሁ።

ብረት ናት ስንል ለካ "መጠገን አያስፈልጋትም" ማለታችን ነበር። ነሐስ እንኳ ይጠገናል።

ስንወጣ በግቢው ጎን ባለው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር አየን። ከገለባ የተሠራ ነጠላ ጫማ፣ 1.8 ሜትር ርዝመት፣ 45 ኪሎ። የቡድሃው ጫማ ነው። ኢባራኪ በሚባል ክፍለ ሀገር ያሉ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ1951፣ ጃፓን ከጦርነቱ ቁስል ገና ሳታገግም፣ "ትልቁ ቡድሃ ይሄን ተጫምቶ በአገሩ ሁሉ እየዞረ ሰውን ይርዳ" ብለው ጎንጉነው ሰጡ። ከዚያ ወዲህ የዚያ ቦታ ልጆች በየጊዜው አዲስ እየሠሩ ያመጣሉ። ሁሉም ሰው ለዘላለም ቁጭ ብሎ ይኖራል ብሎ የተወውን፣ ሕፃናት "መሄድ ይፈልግ ይሆናል" ብለው አሰቡለት።

ሥልጠናው ሲያልቅ አገሬ ገባሁ። በመጀመሪያው ማታ ሻንጣዬን ሳልፈታ ጠየቅኳት። "እማዬ፣ ደህና ነኝ አትበይኝ። ቅዳሴ ከሄድሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?"

"ምነው ዛሬ?" አለች። ከዚያ መቀነቷን ታስተካክል ጀመር። ቆይታ ነው የመለሰችው። "ከፍልሰታ ወዲህ አልሄድኩም።" ጉልበቷ ነው። አራት ፎቅ መውረዱስ በመከራም ቢሆን ይቻላል፣ መውጣቱ ነው። እንዳናስብ ብላ ነው ያልነገረችን። ቤቱንም ጠየቅኳት። "ቤቱ አይደለም ልጄ" አለች። "ቤት እኮ ያረጃል፣ ጣሪያውም ያፈስ ነበር። ጠዋት ስወጣ እንዴት አደርሽ የሚለኝ ነው የጠፋብኝ። እዚህ እኮ ስሜን የሚጠራ የለም።" ከዚያ አለቀሰች። በዓመት ከአሥር ወሯ።

ያደረግነው ትልቅ ነገር አይደለም። ጉልበቷን አሳክመናታል፣ እየተሻላት ነው። እዚያው ብሎክ ምድር ላይ የሚኖሩ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ፤ ለምነናቸው ቤት ተቀያየርን። እነሱ አራተኛ ፎቅ ወጡ፣ እሷ ምድር ወረደች። (ልጆቹ ይሄን ካነበባችሁ እግዚአብሔር ይስጣችሁ።) የድሮ የግቢያችን እናቶች ደግሞ በየአቅጣጫው ተበትነው ነበር። ስልካቸውን አንድ በአንድ ፈልገን፣ በወር አንድ ጊዜ በማርያም ቀን እማዬ ጋ ቡና ይጠጣሉ። ትራንስፖርቱን እኛ ልጆች ተዋጥተን እንከፍላለን። ባለፈው ወር ሰባት መጡ። ያ ረከቦት ወጣ። ጫጫታቸው እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል ብለው ልጆቹ ነገሩኝ፤ ስሞታ ይሁን ደስታ አልገባኝም።

አዎ፣ ከዮኮሃማ ጫማ አምጥቼላት ነበር። ለስላሳ፣ ቀላል፣ ሶሉ ወፈር ያለ። "ቀለሙ ለአሮጊት አይሆንም" ብላ አልጋ ሥር ከታው ነበር። ባለፈው እሑድ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በር ስትከፍት ሰምቼ ወጣሁ። ነጠላዋን አጣፍታለች። እግሯን አየሁት። አድርጋዋለች።

"የት ነው?" አልኳት፣ እያወቅኩ።

"ወደ ቤቴ" አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን ማለቷ ነው።

እናንተም "እናቴ እኮ ብረት ናት"፣ "አባቴ እኮ ዓለት ነው" የምትሉ ካላችሁ፣ ዛሬ ደውሉ። "ደህና ነኝ" ሲሏችሁ ስልኩን አትዝጉ። ሁለተኛ ጠይቁ።

ሰላም ዋሉ።